ስኳር ነው ብዬ የደበቅሁት

ስሜን አልጽፍም። ሲያትል ለሐበሻ ከአንድ ቀበሌ አትሰፋም፤ ስሜን ብጽፍ እስከ እሑድ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልሰማ አይኖርም። ግን አሁን፣ ይህን በምጽፍበት ሰዓት፣ ፍሪጁ ውስጥ መድኃኒቱን ከጎመን ኋላ የሸሸገ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የምጽፈው ለሱ ነው። ሌላው ቢያነበው ደስ ይለኛል፣ ባያነበውም አልቀየምም።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። በግራ ጎኔ፣ ከጡቴ ሥር ተነስቶ እስከ ጀርባዬ የዞረ ሽፍታ ወጣብኝ። ሸሚዝ ሲነካው ያስለቅሰኝ ነበር። አገር ቤት ብሆን ማንኛዋም ጎረቤት ገና ስታየው «አልማዝ ባለጭራ ነው» ትለኝ ነበር። እዚህ የሄድኩበት ክሊኒክ ግን ሥራዬን ጠየቀኝ። ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር፣ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አጠብባለሁ፣ አሳጥራለሁ አልኩ። «በቃ፣ የማጠቢያው ኬሚካል አለርጂ ነው» ብለው ቅባት ሰጡኝ። እኔም ጓንት ገዛሁ።

ሽፍታው ጠፍቶ ሳል መጣ። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለ። ሦስተኛው ጭንቀት ነው አለ፤ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳ ያለፋት ሴት ምን ሊኖርባት ይችላል ብለው መሰለኝ። ቀሚሶቼን አንድ በአንድ አጠበብኳቸው። ልብስ ሰፊ መሆን ለዚህ ይጠቅማል፣ መክሳትሽን ሰው አያይብሽም። ያን ሁሉ ጊዜ የኤችአይቪ ምርመራ አድርጊ ያለኝ የለም። እኔም አድርጉልኝ አላልኩም። ባሌ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ሲሞት «ሳንባ ነው» ተብሎ ተቀበረ፤ እኔም ሳንባ ነው ብዬ አለቀስኩ። የምጠረጥረውን ግን ሆዴ ያውቀው ነበር።

አንድ ቀን ከቢከን ሂል ባቡር ጣቢያ ወደ ቤት የሚወስደውን አጭር መንገድ መጨረስ አቃተኝ። አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ልጄ ማርታ መጥታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሳንባዬ ውስጥ የገባው ጤነኛ ሰው የማይይዘው ዓይነት ኢንፌክሽን ነው ተባለ፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላውን ነገሩኝ። ሲዲ ፎር የሚባለውን፣ ሰውነትን የሚጠብቀውን የደም ወታደር ቆጠሩና አርባ አንድ ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ ሰው ከአምስት መቶ በላይ ነው ያለው። ማርታ በዚያው ሳምንት ተመረመረች። ነፃ ናት። እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ለሁለት ቀን አኩርፌው ነበር።

መድኃኒቱን ጀመርኩ፣ አንድም ቀን አላቋረጥኩም። በጥቂት ወራት ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ደረሰ። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ወታደሮቼ ግን አልተመለሱም። መቶ ሠላሳ ላይ ደርሰው እዚያው ቆሙ። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ ያው መቶ ሠላሳ። የሳንባ ምችና የጉበት ክትባት ሰጡኝ፤ ከወራት በኋላ ደሜን ሲያዩት ክትባቱ አልያዘም። ሐኪሜ ረጋ ያለች ሴት ናት፣ ነገር አታጋንንም። «ጠላቱን አስረነዋል፤ ጠባቂ ግን የለሽም» አለችኝ። ማንኛውም ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገቤ በሳለ ቁጥር ያን ቃሏን አስታውሳለሁ። ሌሊት ሌሊት ትንፋሼን እያዳመጥኩ፣ ዛሬስ አፏጨ ወይስ አላፏጨም እያልኩ አነጋለሁ።

ስለ መጠበቂያ ክፍሉም ልንገራችሁ፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሁልጊዜ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ፣ ማስኬን እስከ ዓይኔ ስቤ እቀመጣለሁ። ሐበሻ ከገባ መጸዳጃ ቤት እገባለሁ። አስተርጓሚ በስልክ ይሰጡኛል። አስተርጓሚዋ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ስትል ድምጿን ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መካከል እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ የማውቀው ድምፅ መሰለኝና እንግሊዝኛ በደንብ እችላለሁ ብዬ ስልኩን አስዘጋሁት። ያን ቀን የተባልኩትን ግማሹን አልሰማሁም።

በሦስተኛው ዓመት አጋማሽ ሐኪሜ አዲስ ነገር አመጣች። ከደረት አጥንታችን ጀርባ አንዲት ዕጢ አለች፣ ታይመስ ትባላለች። አዳዲሶቹ ወታደሮች የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። በልጅነት ትልቅ ናት፤ ዕድሜ ሲገፋ ትኮማተራለች። የዕድገት ሆርሞን በመርፌ ቢሰጥ ዕጢዋ እንደገና ልትነቃ ትችላለች፤ ከዚያ ክትባቱ ሲደገም የሚማር ወታደር ያገኛል። ሐሳቡ ይህ ነው። «ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው» አለችኝ፤ ይህን ደጋግማ ነገረችኝ። «ላይሠራ ይችላል። እጅና እግር ያሳብጣል፣ ስኳር ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ብዙ ውኃ የሚያስጠማሽ ከሆነ በዚያው ቀን ደውይ።» ፈረምኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ያቺን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ለወራት ይዤያት ዞርኩ።

መርፌው እንደ ብዕር ያለ ነው፤ ማታ ማታ ሆዴ ላይ እወጋዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሊጠይቁሽ ሲመጡ እንግዳ ሆነው አይቀመጡም። አንዷ ዕቃ ታጥባለች፣ አንዷ ያመጣችውን ወጥ ፍሪጅ ውስጥ ልታስገባ ትከፍታለች። አንድ ቀን እማማ ዘነበች ከፈቱ። ሌክ ሲቲ ሰፈር የሚኖሩ፣ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ማይክ አይፈልግም።

«አንቺ! ይኼ መርፌ ምንድን ነው? ስኳር አለብሽ እንዴ?»

አራት ሴቶች ያዩኛል።

«አዎ፣ እማማ። ስኳር ነው» አልኩ።

እሳቸው መጥተው አቀፉኝ። «እኔም እኮ ከያዘኝ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው! ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ግን ተረት የሚታወስሽ ከዋሸሽ በኋላ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ዘነበች የኔ ሆኑ። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከጎኔ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬ ስንት ነሽ?» ይሉኛል። እኔም ከልቤ ፈጥሬ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ። «ጎበዝ!» ይሉኛል። የሽፈራው ቅጠል ፈጭተው አመጡልኝ። አብሽ እንዴት እንደሚነከር አስተማሩኝ። ልጆቻቸው ሥራ ስለሚበዛባቸው ሐኪም ዘንድ ብቻቸውን እንደሚሄዱ፣ ለጣፋጭ ነገር ሌሊት እንደሚነሱ፣ ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ። ወደድኳቸው። እናቴን ካጣሁ ወዲህ እንደሳቸው በዓይን የፈለገኝ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ፍቅር በውሸት እየገዛሁ እንደነበር አውቃለሁ፤ አፍሬበትም ግን አልተውኩትም።

ማርታ ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም እያለች ትበሳጭ ነበር። «ማሚ፣ ሺ ሪሊ ላቭስ ዩ። ጀስት ቴል ኸር።»

«አንቺ ሐበሻን አታውቂም» እላታለሁ።

«አይ ኖው ዩ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ሐበሻውን ሳይሆን እኔን ታውቀኛለች።

ሆርሞኑ በሁለተኛው ወር ጣቶቼን አሳበጠ። ጠዋት ስነሳ እጄ የሌላ ሰው ይመስለኛል፤ የስፌት መርፌ ስይዝ ይደነዝዛል። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ላይ ደም አንጠባጥቤ እሱን ለማጠብ አንድ ሰዓት ፈጀሁ፤ በራሴ ደም ያን ያህል ስደነግጥ አለቃዬ ምን ሆነሽ አለኝ። በአራተኛው ወር ግን ቁጥሬ ተቆጠረና መቶ ሰባ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መቶ ሰባ! ላይት ሬይል ባቡር ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጥማቱ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ውኃ ጠጥቼ አልረካም። ዓይኔ ደብዝዞ መርፌ ላይ ክር መሰካት አቃተኝ። ከክሊኒኩ ነርሷ ኮል አድርጋ «ጥማት አለ?» ስትለኝ «የለም» አልኳት። ካለ ሆርሞኑን ያቆሙብኛላ! እስቲ ፍረዱኝ። የሌለብኝን ስኳር ለቤተ ክርስቲያን አለብኝ አልኩ፤ ሲመጣብኝ ደግሞ ለሐኪሜ የለብኝም አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ ዘነበች ቤት የጸሎት ፕሮግራም ነበር። ለጸሎት ስንነሳ ሶፋው ላይ ወደቅሁ። እሰማለሁ፣ አያለሁ፣ ግን አፌ ታስሯል። ሰው ሁሉ ጮኸ። «ስኳሯ ነው! ልቀቋት፣ ስኳሯ ነው!» አሉ እማማ። የራሳቸውን መለኪያ ከቦርሳቸው አወጡ። ጣቴን ይዘው ወጉኝ። አዲስ መርፌ አልቀየሩም፤ እሳቸው አንዷን መርፌ ለሳምንት ነው የሚሠሩባት፣ ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው።

ማሽኑ አራት መቶ ሃምሳ አለ።

«አይደለም፣ ይኼ ማሽን ተበላሽቷል» አሉ እማማ። «ባለፈው እሑድ መቶ ሃያ ነበረች እኮ! ቆይ፣ በራሴ ልሞክረው።»

እና በዚያችው መርፌ የራሳቸውን ጣት ወጉ።

አየሁ። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። አይሆንም ማለት ፈለግሁ፣ ግን ከጉሮሮዬ የወጣው ማቃሰት ብቻ ነው። የሰጠኋቸውን የውሸት ቁጥር ስላመኑ ነው ማሽኑን የጠረጠሩት። አምቡላንስ መጣና ወሰደኝ።

ምሽቱን ስኳሩ ወርዶልኝ አንደበቴ ሲፈታ ተረኛውን ሐኪም አስጠርቼ በስልክ አስተርጓሚ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አስተርጓሚዋ ማን ትሁን ብዬ አላዳመጥኩም። ሐኪሙ በጥሞና ሰማኝ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ ስለማይታይ የመተላለፍ ዕድሉ እጅግ በጣም ትንሽ ነው አለ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግንኙነት እንደማያስተላልፍ የታወቀ ነው፤ በመርፌ ግን የለም ብሎ መማል አይቻልም። ለመከላከል የሚወሰድ የአንድ ወር መድኃኒት አለ። «መጀመር ያለበት በሦስት ቀን ውስጥ ነው፣ ቶሎ ቢሆን ይሻላል። ከፈለግሽ ስምሽን ሳንጠራ እኛ ልንነግራቸው እንችላለን።»

ሳቅ መጣብኝ። ያን ቀን ከኔ ሌላ የማን ጣት ተወጋና ነው ስም የማይጠራው?

ማርታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ሶ፣ ኮል ላድርግላቸው?»

«የለም። እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

ግን እሑድ አልደወልኩም። ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ዕድሉ ትንሽ ነው ብሏል እኮ፣ እላለሁ። ለትንሽ ነገር ስሜን ላጥፋ? ከዚያ እነዚያ አጭር ጣቶች ይታዩኛል። አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ አጠፋሁ፤ ከሦስቱ ቀን አንዱን በሳቸው ላይ አባከንኩ። በሕይወቴ ካደረግሁት ሁሉ የማፍርበት ይህ ነው፣ ከበሽታውም ከውሸቱም ይበልጥ።

ሰኞ ጠዋት ሳልደውል እሳቸው ሆስፒታል ድረስ መጡ። አጥሚት በፔርሙስ ይዘው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው።

«እማማ፣ አጥሚቱን ያስቀምጡትና ይስሙኝ» አልኩ። «የኔ ስኳር አልነበረም። ኤችአይቪ ነው። መርፌዋ... በዚያች መርፌ ራስዎን ወጉ። የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ዛሬውኑ መጀመር አለብዎት።»

ፔርሙሱን አቀፉት። ፊታቸው ላይ ንዴት እጠብቅ ነበር፣ አልመጣም። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

«ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«ሦስት ዓመት» አሉ። «እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምጸልይልሽ። ስኳሯን አውርድላት እያልኩ። እዚያ ላይ ሆኖ ምን ሲል ነበር?»

የሆስፒታሉ ነርስ መጥታ መድኃኒቱን ወደሚጀምሩበት ይዛቸው ሄደች። ሲወጡ ወደኋላ አላዩም።

ክኒኑን ጀመሩ። ሃያ ስምንት ቀን። እንዳቅለሸለሻቸው፣ ምግብ እንዳስጠላቸው ከሰው ሰማሁ፤ ሰው «እማማን ጨጓራ ነው» ይላል። ለማንም አልተናገሩም። ስኳሬን ወሬ ያደረገች ቤተ ክርስቲያን ይህንን አላወቀችም። ግን እሑድ ከጎኔ መቀመጥ ተዉ። ሦስት ወንበር ከፊት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ። ስልክ ብደውል አያነሱም። እኔም መድከሜን አይቼ ተውኩት።

የኔን ሕክምና በተመለከተ፣ ሆርሞኑ ቆመ። ሐኪሜ አልተቆጣችኝም። «ጥማቱን ብትነግሪኝ መጠኑን ቀንሰን እንቀጥል ነበር ይሆናል» ብቻ አለች፤ ይህ «ይሆናል» እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ስኳሩ ቀስ ብሎ ወረደ። ክትባቶቹን ደገሙልኝ። የጉበቱ ያዘ፣ የሳንባው በግማሽ ነው። ቁጥሬ ሁለት መቶን ትንሽ አልፎ ቆሟል። ያሳደገው ሆርሞኑ ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት እርግጠኛ አይደለሁም አለች። ስለዚህ ይህን አንብቦ መርፌ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው እንዳይኖር። በሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ለኔም በግማሽ ነው የሆነው። የዘወትሩን ክኒን አታቋርጡ። ለሐኪም አትዋሹ። የስኳር መርፌያችሁንም ለማንም አታውሱ፣ ከማንም አትዋሱ፣ ለልጃችሁም ቢሆን።

የሆነው ሁሉ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ረቡዕ፣ እማማ ዘነበች ላውንደሪ ቤቱ ገቡ። ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ከቦርሳቸው የተዘጋ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አደረጉ።

«የመጨረሻው ምርመራ ነው። በስልክ ሊነግሩኝ ሲሉ ልጄ አጠገቤ ነበረች፣ በደብዳቤ ላኩልኝ አልኩ። እንግሊዝኛ አላነብም» አሉ። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። «ከአንቺ ሌላ ለማን አሳያለሁ?»

ፖስታውን ቀደድኩት። የኔም እንግሊዝኛ ያው ነው፤ ግን የምፈልጋትን ቃል አውቃታለሁ፣ በማርታ የምርመራ ወረቀት ላይ አይቻታለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

«ነፃ ነዎት፣ እማማ።»

ወንበሬን ሳብኩላቸው፣ ተቀመጡ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እኔ ቆሜ ነው የማያቸው፣ ልነካቸው ፈራሁ።

«የልጅ ልጆቼን ሳልስም ሦስት ወር» አሉ ከነጠላው ሥር። «ሐኪሙ መሳም ምንም አያደርግም ብሎኛል። ግን አቃተኝ። እየሮጡ ሲመጡ ጉንፋን ይዞኛል እላቸዋለሁ። በየቀኑ ውሸት። በየቀኑ ብቻዬን።» ነጠላውን አውርደው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ሦስት ዓመት እንዴት ቻልሽው?»

«አልቻልኩትም፣ እማማ» አልኳቸው።